አሥራ ሰባተኛው ቀዳዳ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። ሆስፒታሉ ውስጥ ከዳይሬክተሩ እስከ በር ጠባቂው ሁሉም «ሦስት ደቂቃ» እያለ ሲጠራት፣ እሷ ግን ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ቅጽል ስም የሌላት ብቸኛ ሠራተኛ እንደሆነች ታምን ነበር። እንዲያውም «እኔ ላይ ስም የሚያወጡበት ነገር አጡ» ብላ ትኮራለች። ፊት ለፊት ሲያገኟት «እትዬ» ናት፤ ጀርባዋን ስታዞር «ሦስት ደቂቃ አለፈች» ይባባላሉ።

ስሙ የወጣላት የስልክ ማዞሪያ ክፍል ውስጥ ነው። ያኔ ሆስፒታሉ ወደ ውጭ የሚያስደውሉ አራት መስመሮች ብቻ ነበሩት። በሃያ አራት ዓመቷ ተቀጥራ፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ ከፊቷ በተደረደሩት ቀዳዳዎች ገመድ ስትሰካና ስትነቅል ነበር የምትውለው። ለማንም ሦስት ደቂቃ ነው። ሲሞላ «ሦስት ደቂቃ ሞልቷል» ትልና ትነቅላለች። ዶክተር አትል፣ ዘበኛ አትል። የዛሬው የሰው ኃይል ኃላፊ ያኔ ገና ወጣት ጸሐፊ ሳለ እጮኛው ዘንድ ደውሎ ነበር። ስለ ጤናዋ፣ ስለ እናቷ፣ ስለ ዝናቡ ጠይቆ ጠይቆ፣ እንደምንም ደፈር ብሎ «አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር፣ ታገ...» ከማለቱ ገመዱ ተነቀለ። ልጅቷ ጥያቄውን በደብዳቤ ነው የሰማችው። ሰውየው ከእሷው ሦስት ልጅ ወልዶም ቂሙን አልረሳም።

የማዞሪያው ዘመን ሲያልፍ ሰሌዳውን ነቅለው መጋዘን አስገቡት። እሷን የሚያስገቡበት መጋዘን ግን ጠፋ። ስለዚህ የስድስት ወር ኮርስ አስተምረው ምድር ቤት ያለውን የኔትወርክ ክፍል ሰጧት። ስዊቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታየው፣ አርባ ስምንት ቀዳዳ ያለው፣ ከየቀዳዳው ገመድ የተሰካበት ጠፍጣፋ የብረት ሳጥን፣ ፊቷ በራ። «ይኼማ የኔው ማዞሪያ ነው፤ ከስቶ ነው እንጂ!» አለች። አስተማሪው ፖርት በይው ቢላትም እሷ እስከ ዛሬ ቀዳዳ ነው የምትለው።

ኮርሱ ላይ ሌላው ሁሉ ሲያንጎላጅ እሷን ቁጭ ብላ እንድትጽፍ ያደረጋት አንድ ትምህርት ነበር፤ ከየቀዳዳው የሚወጣውን ፍጥነት መገደብ። ስዊቹ ውስጥ ገብተው አንዲት ቁጥር ከጻፉ፣ በዚያ ቀዳዳ ወጥቶ ወደ ክፍሉ የሚሄደው ነገር ከዚያች ቁጥር ዝንፍ አይልም። ቪዲዮም ይሁን ሥዕል፣ ደብዳቤም ይሁን ቀልድ። ለጽዳት ሠራተኛዋ እንዲህ ብላ አስረዳቻት፦ «አንድ በርሜል አለ እንበል፣ አርባ ስምንት ቧንቧ ያለው። አንዱ ቧንቧውን ሙሉ ለሙሉ ከፍቶ ገላውን ሲታጠብ ሌላው የሚጠጣው ያጣል። ስለዚህ እኔ የየቧንቧውን አፍ አጠባለሁ። የማን ምን ያህል እንደሚጠብ የምወስነው እኔ ነኝ።»

ጽዳት ሠራተኛዋ በጥሞና አዳምጣ ሲያበቃ «እና የሁለተኛ ፎቅ መጸዳጃ ቤት ውሃ የሚጠፋው በእርስዎ ነው?» አለቻት። ነገሩ በዚያው ተዘጋ።

ሕጓ አጭር ነው። ለሕክምና ክፍሎች ገደብ የለም፤ በሽተኛ አይጠብቅም። ለቢሮዎች በሙሉ አራት አራት ሜጋ። ለአንድ ቀዳዳ ብቻ ሁለት። ይህም አሥራ ሰባተኛው ነው፤ ሁለተኛ ፎቅ ያለው ዕቃ ግምጃ ቤት። የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ኳስ ወዳድ ነበር፣ ሥራ ከቀለለው ደግሞ በኮምፒውተሩ ጨዋታ መከታተሉን አይተውም። ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ባሏ መሆኑ ነው።

ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይላል ተረቱ። እሷ ገልብጣ ነው የያዘችው። «ለባሏ አደላች» ከምትባል መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች። ስለዚህ ለሌላው አራት ስትሰጥ ለእሱ ሁለት ሰጠችው፣ ሁለት መስጠቷንም አልነገረችውም። ምስኪኑ ሰውዬ ኳሱን ሲያይ አጥቂው እግሩን አንሥቶ እንደ ሐውልት ይቆማል። መቶ ጊዜ ይሳደባል። ከዚያ ከወዲያኛው ክፍል የሂሳብ ሠራተኞቹ «ጎል!» ብለው ሲጮኹ ይሰማና፣ ጎል መግባቱን ካወቀ ከአምስት ደቂቃ በኋላ ጎሉን ያያል። ሰባት ዓመት ሙሉ እንዲህ ኖረ። ማታ ቤት ገብቶ ሲያማርር እሷ ሽንኩርት እየከተፈች «የዚያ ክፍል ግድግዳ ወፍራም ነው ይላሉ» ትለዋለች። እሱም ግድግዳውን ሲረግም ኖረ።

ደብተሯ ይህን ሁሉ ያውቃል። ጠንካራ ቡናማ ሽፋን ያለው ነው፤ እዚያ ላይ መመዝገቡ በማዞሪያው ዘመን የጀመረችው ልማድ ነው፤ ማን፣ ስንተኛ ቀዳዳ፣ ስንት። የአሥራ ሰባተኛው መስመር «የኔ ሰውዬ፣ ሁለት» ይላል። ከአራት ዓመት በፊት ባሏ ጡረታ ሲወጣና ግምጃ ቤቱ ወደ ምድር ቤት ሲወርድ፣ ማስመሪያ አሰልፋ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችው። እንደ ድሮው፤ ሰው ሲጨርስ ይሰረዛል። ክፍሉም ተቆልፎ ተረሳ።

ከስምንት ወር በፊት ክፍሉ ተከፈተ። ቀለም ተቀባ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ወንበር፣ ሁለት ትልልቅ ስክሪን ገባለት፣ አንዲት ወጣት የራጅ ሐኪምም ተመደበችበት። ሥራዋ ታች በማሽን የሚነሣውን የበሽተኛ ሥዕል ላይ ሆና ከፍታ ማየት፣ ያየችውንም መጻፍ ነው። ሐኪሟ መልካም ናት፣ ሰላም ስትል ከአንገቷ ጎንበስ ትላለች፤ ችግሩ ውጤቷ አለመድረሱ ነው። ጠዋት የተነሣ ራጅ ከሰዓት፣ ከሰዓት የተነሣው በማግስቱ። ኮሪደሩ ላይ ያለው አግዳሚ ወንበር ከሰው ብዛት ማቃሰት ጀመረ። አስታማሚዎች ነርሶቹ ላይ ይጮሃሉ፣ ነርሶቹ ሐኪሞቹ ላይ፣ ሐኪሞቹ ዳይሬክተሩ ላይ። ዳይሬክተሩ የሚጮኽበት ሰው ፈልጎ ወጣቷን አገኘ።

እሷ ሦስት ጊዜ ወደ ኔትወርክ ክፍል ደውላ ነበር። «እትዬ፣ ሥዕሉ ቶሎ አልከፈት ይለኛል። መስመሩን ቢያዩልኝ?» እትዬ ሦስቱንም ጊዜ አየች። የአሥራ ሰባተኛውን ቀዳዳ መብራት አየች፤ አረንጓዴ ነው። የራሷን ኮምፒውተር በራሷ ክፍል ቀዳዳ ሰክታ ፍጥነቱን ለካች፤ እንደ ወፍ ይበራል። ደብተሯን ገለጠች፤ አሥራ ሰባት ተሰርዟል፣ ገደብ የለበትም። ሁለት ፎቅ ወጥቶ ማየት ደግሞ ጉልበቷ አይፈቅድም። «ልጄ፣ መስመሩ ጤነኛ ነው። ቀስ ብለሽ ትለምጂዋለሽ» አለቻት። የሐኪሟን ጉዳይ የያዘው ኮሚቴ በጽሑፍ ሲጠይቃትም ያንኑ ጻፈች፣ ፈረመች፣ ማኅተም መታች። ደብዳቤው የሐኪሟ ፋይል ውስጥ ገባ። የሙከራ ጊዜዋ የሚያልቀው በዚሁ ሳምንት ነው፤ ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ኮሚቴው ተቀምጦ ትቀጥል ወይስ ትሰናበት የሚለውን ይወስናል።

እትዬ ራሷ ጡረታ ሊወጡ ሁለት ሳምንት ከቀራቸው ሠራተኞች አንዷ ናት። ሠላሳ ስድስት ዓመት፣ አንዲት ማስጠንቀቂያ የሌለባት። ይህን ለማንም ሳትነግር አትውልም።

ማክሰኞ ማታ እራት ላይ ሾርባውን እያማሰለች ለባሏ ወሬ ታጫውተዋለች። «ያቺ የራጅ ሐኪም ልትሰናበት ነው። ታሳዝናለች፤ ግን ቀርፋፋ ናት። አንድ ሥዕል ለመክፈት ሃያ ደቂቃ!»

«የት ነው የምትሠራው?»

«ያንተ የድሮ ክፍል ተሰጥቷት የለ።»

ባሏ ሳቀ። «እሷ ምን ታድርግ! ያ ክፍል ድሮም እንዲሁ ነው። ኳሱ እንኳ እግሩን አንሥቶ ይቀር ነበር። ግድግዳው ነው፣ ግድግዳው!»

ማማሰያው ድስቱ ውስጥ ቆመ። ሾርባው መፍላቱን ቀጠለ፣ እሷ ግን እጇ አልተንቀሳቀሰም። በሐሳቧ ደብተሩ ላይ ያለችውን ቀይ መስመር አየች፤ በማስመሪያ የተሰመረች፣ ቀጥ ያለች፣ የምታምር መስመር። በማዞሪያው ዘመን መሰረዝና መንቀል አንድ ነበር፤ ቀኝ እጇ ሲነቅል ግራ እጇ ይሰርዛል። ስዊቹ ግን ደብተር አያነብም። እሷ ደብተሩ ላይ ሰርዛለች እንጂ ስዊቹ ውስጥ ገብታ ቁጥሯን አጥፍታ ታውቃለች?

«ምን ሆንሽ?» አላት።

«ጨው ረሳሁ» አለች። ጨው ሁለት ጊዜ አድርጋለች።

ረቡዕ ጠዋት ሥራ የገባችው ከጽዳት ሠራተኞቹ ቀድማ ነው። ስዊቹን ከፈተች፣ አሥራ ሰባት ብላ ጠየቀች። ወጪ ገደብ፣ ሁለት ሜጋ። አራት ዓመት የጠበቃት ይመስል ቁጭ ብሏል። እጇ ለማጥፋት ሄዶ ተመለሰ። መጀመሪያ ማየት አለባት።

ጉልበቷን እየተማጸነች ሁለት ፎቅ ወጣች። ክፍሉ ውስጥ የድሮዎቹ መደርደሪያዎች ምልክት በአዲሱ ቀለም ሥር ዛሬም ይታያል። ሐኪሟ ገና በጠዋቱ ወንበሯ ላይ ነበረች። «አንዱን ለመክፈት ሃያ ደቂቃ ስለሚፈጅብኝ ከአሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሬ እገባለሁ» አለች፣ ጥፋት የሠራች ይመስል እየተሽኮረመመች። «ግን ሰው ሲበዛ አሁንም አልደርስም። እትዬ፣ ምናልባት እኔ ለዚህ ሥራ አልተፈጠርኩም ይሆናል። የተማርኩበት ቦታ ፈጣን ነበርኩ፣ እውነቴን ነው። እዚህ ምን እንደነካኝ አላውቅም።»

«እስቲ ተነሺልኝና ልቀመጥበት» አለች እትዬ።

ተቀመጠች። የአንድ ሽማግሌ ሆድ ሥዕል መረጠችና ጠቅ አደረገች። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ጭረት ብቅ አለች። ሦስት ደቂቃ። ጭረቷ የጥፍር ያህል ሄደች። ስድስት ደቂቃ። እትዬ እግሯን አወራጨች። አሥር ደቂቃ ሲሆን የስክሪኑን ጎን በመዳፏ መታ መታ አደረገች፤ ሠላሳ ስድስት ዓመት ለማንም ከሦስት በላይ ያልሰጠች ሴት። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ላይ የሽማግሌው ሆድ ከላይ ወደ ታች እየተገለጠ መጣ። ሐኪሟ ከኋላዋ ቆማ «ዛሬ እንኳ ፈጥኗል» አለች።

እትዬ ወረደች፣ ቁጥሯን አጠፋች፣ እያለከለከች ተመልሳ ወጣች። ሌላ ሥዕል ተመረጠ። ጭረቷ ብቅ ብላ ዓይን ሳያያት ሞላች፤ ግማሽ ደቂቃ አልሆነም። ሐኪሟ አንዱን ከፈተች፣ ሌላውን ከፈተች፣ አምስተኛው ላይ ሳቀች፣ ስድስተኛው ላይ እንባዋ መጣ። «ስምንት ወር ራሴን ስሰድብ ነበር!» አለች። «ምን ነበር እትዬ? ምን አገኙ?»

«መስመሩ ነው» አለች እትዬ፤ ውሸት አይደለም፣ እውነትም አይደለም።

«እግዜር ይስጥልኝ! እርስዎ ባይኖሩ ምን እሆን ነበር!» ብላ አቀፈቻት። ሰው ሲመሰገን ቆዳው እንዲህ ሲሳሳ እትዬ ለመጀመሪያ ጊዜ አየች።

ቀኑን ሙሉ ኔትወርክ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ከራሷ ጋር ተሟገተች። ነገሩ ተስተካክሏል። ማንም አያውቅም። ሁለት ሳምንት ዝም ብትል፣ የንጹሕ ሠራተኛ የምስክር ወረቀቷን ይዛ ትወጣለች። ግን ኮሚቴው የሚያየው የዛሬን አይደለም፤ ያለፈውን ስምንት ወር ነው። የስምንቱ ወር ምስክር ደግሞ የእሷው ማኅተም ነው። ልጅቷ በዚያ ማኅተም ትባረራለች። ሆድ ይፍጀው እንዳትል፣ ይህን ሆድም አይፈጀው።

ሐሙስ አራት ሰዓት ላይ ሳትጠራ ስብሰባ አዳራሹ ገባች። አምስት ሰዎች፣ አንድ ፋይል፣ ጥግ ላይ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የተቀመጠች ሐኪም። ሰብሳቢው የሰው ኃይል ኃላፊው ነው። «አንድ ቃል አለኝ» አለች።

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። ፊቱ ላይ የሠላሳ ዓመት ደስታ ቀስ ብሎ ሲወጣ ታየ። ሰዓቱን ከእጁ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ፊት ለፊቱ አስቀመጠ። «ሦስት ደቂቃ አለዎት፣ እትዬ።»

ከአምስቱ አራቱ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ለምን እንደሳቁ አልገባትም፤ ግን በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ብላ ጀመረች።

«ሐኪሟ ቀርፋፋ አይደለችም። ቀርፋፋ ያደረግኋት እኔ ነኝ» አለች። ከዚያ ስለ አሥራ ሰባተኛው ቀዳዳ ነገረቻቸው፣ ስለ ሁለቱ ሜጋ፣ ስለ ቀዩ መስመር። ለማን እንደተገደበ ሲጠይቋት ስለ ባሏም ስለ ኳሱም ነገረቻቸው፤ የሂሳብ ክፍሉ ተወካይ «ለዚህ ነው ለካ ሁልጊዜ ቆይቶ ይጮህ የነበረው!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። የነርሶች አለቃዋ ግን አልሳቀችም። «ታዲያ መስመሩ ጤነኛ ነው ብለው የፈረሙት እንዴት ነው?»

እትዬ መለሰች። «የለካሁት ከታች፣ ከኔው ክፍል ሆኜ ነው። ደብተሬን አየሁ፣ መብራቱን አየሁ። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቀን ወጥቼ እሷ ወንበር ላይ አልተቀመጥኩም። ብቀመጥ ኖሮ ሦስት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር።»

ጥግ ያለችው ሐኪም ቀና ብላ አየቻት። እትዬ ወደ እሷ ዞረች። «ይቅር በዪኝ፣ ልጄ። ትናንት ስታቅፊኝ መናገር ነበረብኝ።»

ኃላፊው ሰዓቱን አነሣ። «ሰባት ደቂቃ ሆኗል» አለ፣ ሰዓቱን እጁ ላይ እያሰረ። «እኔ ግን አልነቀልኩዎትም።»

ሐኪሟ ቋሚ ሆነች። ለእትዬ ደግሞ ደረቅ ማኅተም ያለው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣት፤ የመጀመሪያዋም የመጨረሻዋም።

ቤቷ ስትደርስ ባሏ እጁን አጣጥፎ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ወሬ ከሰው ቀድሞ ይገባል።

«ግድግዳው ነው፣ አይደል?» አላት።

ቦርሳዋን እንደያዘች ቆመች።

«በር ጠባቂው ደውሎ "ሦስት ደቂቃ ዛሬ ራሷን ነቀለች" አለኝ። ሰባት ዓመት ግድግዳ ሳማ!»

«ማናት ሦስት ደቂቃ?»

ባሏ ጣራውን አየ፣ ጫማውን አየ። «አታውቂም እንዴ? ሁሉም እኮ...»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጋባታችን በፊት ጀምሮ።»

«እና አልነገርከኝም!»

«አንቺ ስለ ኳሱ ነገርሽኝ?»

እሱ ሾርባ ሊቀዳ ተነሣ፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሐሙስ ሐሙስ የሚሠራው እሱ ነው። ድስቱ ላይ ጎንበስ እንዳለ «ለሌላው ስንት ነበር የሰጠሽው?» አላት።

«አራት።»

«ለኔ ሁለት። ለምን?»

«ባሌ ስለሆንክ» አለች። «አደላች እንዳይሉኝ። እነሱ እንዳይሉኝ ብዬ አንተን በደልኩህ።»

ሰውየው ለራሱ ሙሉ ሳህን ቀዳ፣ ለእሷ ግማሽ ቀዳና ፊቷ አስቀመጠው። «ሚስቴ ስለሆንሽ ነው» አላት። እያለቀሰች ሳቀች፤ እሱም ቀስ ብሎ ከራሱ ሳህን ጨመረላት።

በቀሯት ሁለት ሳምንታት ደብተሯን ይዛ አርባ ስምንቱንም ክፍሎች ዞረች። በየክፍሉ «እስቲ ተነሡልኝ» ትልና ወንበራቸው ላይ ትቀመጣለች፣ አንድ ነገር ከፍታ ታያለች፣ ደብተሯ ላይ ያለውን ስዊቹ ውስጥ ካለው ጋር ታመሳክራለች። ሌሎች ሁለት የተረሱ ገደቦች አገኘች፤ አንዱ ከሞተ ሰው የቀረ ነበር። ጉልበቷ አበጠ፣ አላቆመችም።

አሥራ ሰባተኛውን ለመጨረሻ ቀን አስቀርታው ነበር። ሐኪሟ ስታያት ራሷ ተነሥታ ወንበሩን አዞረችላት። እትዬ የአንዲት ሴት ደረት ሥዕል ከፈተች፤ ጠቅ ከማድረጓ የጎድን አጥንቶቹ አንድ በአንድ ነጥተው ወጡ። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ማየት ጀመረች። ውጭ አግዳሚው ወንበር ላይ አንድ ሰው ብቻ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል።

ሐኪሟ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየችና በፈገግታ ጎንበስ አለች። «እትዬ፣ ሦስት ደቂቃ ሞልቷል።»

«ትንሽ ተይኝ፣ ልጄ» አለች ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። «ገና እያየሁ ነው።»